ሰንበት የሚያከብረው ጋኔን

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበረ። ወሎ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች ሳይቆሙ በሚያልፉባት አንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራል። ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነው። እሱ በሩ ላይ ከመስታወት ሣጥኑ ኋላ ተቀምጦ ሰዓት ይፈታል፤ ሚስቱ ከውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ አይተያዩም። እሱ ግን የስፌት መኪናዋን ይሰማል፤ እሷ ሳሉን ትሰማለች። በትዳር ብዙ ለቆየ ሰው ይኼም ጨዋታ ነው።

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ተለወጠበት።

ምን ማለቴ ነው? የስፌት መኪና ጨርቅ ሲይዝ ድምፁ ወፍራም ነው። ባዶውን ሲሄድ ግን ይደርቃል፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ይመስላል። ሰዓት ጠጋኝ ደግሞ የሚኖረው በጆሮው ነው። መፍቻውን አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ።

ሚስቱ ፔዳሉን ትረግጣለች። ጨርቅ የለም። ክር የለም። መርፌው ባዶ ብረት ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጣቶቿ እዚያው መርፌው ሥር ተዘርግተዋል፤ ትንሽ ቢጠጉ ይበሳቸዋል። ከግንባሯ ላብ እየወረደ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነው።

«አልጋነሽ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ደጋግማ አየችው።

«አንተ ማነህ?» አለችው። «ባሌን የት አደረስከው?»

ከዚያም ሳቀች። እግሯ ከፔዳሉ አልወረደም።

ወገኖቼ፣ ሌባ ቤታችሁ ቢገባ ትጮኻላችሁ። እሳት ቢነሣ ውኃ ትፈልጋላችሁ። በገዛ ሚስታችሁ ዓይን ውስጥ የማታውቁት ሰው ተቀምጦ ቢያያችሁስ? ለማን ትጮኻላችሁ?

ይመር፣ ሰውዬው ይመር ይባላል፣ አልጮኸም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጇን ያዘ። እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ርሷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ ቅዳሴ ወጣ። የጾም ምሳዋን አቀረበላት። እየተንቀጠቀጠች በላች። ጥቂት ቆይታ ዓይኗ ጠራ፤ የገባባት ሰው ወጥቶ የራሷ ሰው የተመለሰ ያህል።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?» አለችው። «ቀሚሱን አልጨረስኩት እንዴ? ሴትዮዋ ልትመጣ ነው እኮ!»

አንዱንም አላስታወሰችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ መኪናው እንደገና ደረቀ። በማግስቱም። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩሰው ነገሩን በመስኮት አይታ ኖሮ፣ ይመርን ከአጥሩ ጥግ ጠራችው።

«ጋሽ ይመር፣ ይኼ የቀትር ነው» አለችው።

«የቀትር ምን?»

«ስሙን አታስጠራኝ በናትህ። ልጆቼ ቤት ናቸው።»

ቅዳሜ ሆነ። ይመር ቀትር ሲደርስ ሥራውን ትቶ ጆሮውን አቆመ። መኪናው ወፍራም ድምፁን አሰማ። እሁድም ደህና ዋለች፤ እንዲያውም አፌዘችበት። ሰኞ ቀትር ላይ ያ ነገር ተመልሶ መጣ፤ «አንተ ማነህ?» አለው።

እትዬ ጥሩሰው እጇን አጨበጨበች። «አየህ? ሰንበትን ይፈራል! ደወል ሲሰማ ይለቃል! ጾም ሲገባ ገባባት። ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?»

እውነቷን ነው። ምስክሩ ሁሉ ገጥሟል። ይመርን ግን አንድ ነገር ከነከነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲፈታ ኖሯል፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሄድ ነገር ሁሉ ውስጡ ሞላ የሚባል ጥቅል ብረት አለው። ሞላውን ደግሞ የሚጠመዝዘው እጅ አለ። የዚህኛው ሞላ የታለ? ማንስ ይጠመዝዘዋል? ይኼን አሰበና ሀሳቡ ራሱ አስፈራው። ለማንም አልተናገረም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አልጋነሽ ከቅበላ ጥቂት ቀደም ብሎ ታማ ነበር። ውኃ ጠጥታ አትረካም፤ ሥጋዋ አለቀ። ሆስፒታል ሄደች፤ ስኳር ነው አሏት። ጠዋትና ማታ የሚወጋ መርፌ ታዘዘላት። ሐኪሙ ካርዷን እያየ፣ ፊቷን ሳያይ፣ «መርፌውን አንድም ቀን እንዳታቋርጪ። ስኳር የሚባል ነገር ደግሞ እንዳትቀምሺ፤ ላንቺ መርዝ ነው» አላትና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

መድኃኒቱን ልትወስድ ወደ መስኮቱ ሄደች። ያን መስኮት ታውቁታላችሁ። በመስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው እጅ ብቻ ይወጣል። ፊት የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ እጅ ነው። እጁ ብልቃጡን አስቀምጦ ተመለሰ።

አልጋነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም አፍርሳ አታውቅም። ጾሙ ሲገባ እንደ ልማዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች። መርፌውንም እንደ ታዘዘችው አላቋረጠችም። ለመውጋት እጇ ስለሚፈራ በየጠዋቱ የሚወጋት ባሏ ነው።

ለሐኪሙ ታዘዘች። ለጾሟ ታዘዘች። ሁለቱንም አከበረች። ጥፋቷ ምንድን ነው? እስቲ ንገሩኝ! ሐኪሙ «ትጾሚያለሽ ወይ?» አላላትም። ንስሐ አባቷ «መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ?» አላላትም። እጅ ደግሞ አይጠይቅም፤ እጅ ያቀብላል።

በዚያ ሰሞን ከሌላ አገር አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ ወደ ከተማዋ መጥቶ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን የሚያስጠራበት ድምፅ ማጉያ ራሱ አለው። ጠበሉ ጋ ሕዝብ ሰብስቧል። እትዬ ጥሩሰው እየወተወተች ይመርና አልጋነሽን ይዛቸው ሄደች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሲደርሱ ቀትር ሆነ።

አጥማቂው ገና ሲያያት «ኧረ ይኼ ከባድ ነው!» አለ። በመቁጠሪያው ትከሻዋን መታት። «ተናገር! ማነህ?»

አልጋነሽ ዓይኗን ወደማንም ሳታደርግ ቆመች። ላቧ ከጠበሉ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል።

«ልቀቅ! ልቀቅ እልሃለሁ! ማነህ? ምን ፈልገህ ነው የያዝካት?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምላሷ ተሳስሯል። የወጣው ድምፅ የእሷ አይመስልም፤ ወፍራም ነው፣ የሰካራም ድምፅ።

«ስኳር» አለች።

«ምን አልክ? ለሕዝቡ ይሰማ!»

«ስኳር… ስኳር ስጡኝ።»

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። «ስሙን ተናገረ! ስኳር ነው ስሙ! በሽታዋ ምን ነበር?»

«ስኳር!» አለች እትዬ ጥሩሰው እያለቀሰች።

«አያችሁ? ራሱ ነው! የገዛ ስሙን ይለምናል! የለመነውን እንዳትሰጡት! አንዲት ፍሬ እንዳትሰጡት!»

ሕዝቡ እልል አለ።

ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ መድኃኒቷን በጠራ አማርኛ ነገረቻቸው። እነሱ የጋኔን ስም መሰላቸው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሥጋ የሚያድነውን አንድ ነገር ጠርቶ ለመነ፤ እኛ አጨበጨብን! እልል አልን! የእናቴ ልጆች፣ ይኼን ስናገር ደሜ ይፈላል፤ ይፍላ።

የዚያን ቀን ደወሉ ደረሰላት። በላች፤ ዓይኗ ጠራ። አጥማቂው ግን አልረካም። «ተደበቀ እንጂ አልወጣም» አለ። «እህል ያስመልጠዋል። ነገ አምጧት። ነገ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል ውኃ እንዳትቀምስ። ያኔ ይለይለታል።»

አዎ። ያኔ ይለይለት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ይመር እንደ ወትሮው ሚስቱን ወጋት። ሐኪሙ እንዳታቋርጡ ብሏል። ብልቃጡ አለቀ። አልጋነሽን ለእትዬ ጥሩሰው አደራ ሰጥቶ ወደ ጠበሉ ላካቸውና እሱ ሌላ ብልቃጥ ፍለጋ ሄደ። ሆስፒታሉ መስኮት ላይ እጁ ወጥቶ ተወዛወዘ፤ የለም ማለት ነው። ቀትር ሲቃረብ ገበያው ዳር ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ገባ። የመድኃኒት ባለሙያዋ ሩቂያ ትባላለች፤ የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት።

ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አወጣች። አልሰጠችውም። በእጇ ይዛ ወንበር አሳየችው።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለባለቤቴ። ልጄ፣ እቸኩላለሁ።»

«ከጀመረች ቆየች?»

«ከቅበላ በፊት ነው።»

«ጠዋት ከወጋች በኋላ ቁርሷን ምን ትበላለች?»

ይመር ፊቱ ተለወጠ። ሻሿን አየ። «ቁርስ? ጾም እኮ ነው! እኛ ክርስቲያን ነን።»

«አጣሁት እንዴ ጋሼ? እሱን ብዬ እኮ ነው የጠየቅሁዎ። እኛም እንጾማለን። ረመዳን ሊገባ ሲል መርፌ የሚወጋ ሁሉ እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳያወራኝ ጾሙን አይጀምርም። አንዱን ሐኪሙ ጋ እልከዋለሁ፣ መጠኑን ያስተካክልለታል። አንዱን አትጹም እለዋለሁ። ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀትር ላይ ያልባታል?»

ይመር ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋ።

«እጇ ይቀዘቅዛል? የማይሆን ነገር ትናገራለች? ሰው ይጠፋባታል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትበላ ይተዋታል። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት። አይደለም እንዴ?»

ይቺን ልጅ አይቷት አያውቅም። ቤቱ ገብታ አታውቅም። ግን ቀትር በቀትር የስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ያየች ይመስል አንድ በአንድ ትነግረዋለች። አንድ ክፉ ሀሳብ ሽው አለበት፤ ይቺው ትሆን እንዴ? የበላቻት እሷ ትሆን? ከወንበሩ ብድግ አለ።

እንግዲህ ይኼንን አስተውሉ። ሚስቱን ሳያይ መርፌ ያዘዘውን አመነ። ሚስቱን በመቁጠሪያ የመታውን አመነ። ቁጭ በል ብላ የጠየቀችውን ግን ቡዳ ናት ብሎ ጠረጠረ! እኛ እንዲህ ነን። የሚጮኽብንን እናምናለን፤ የሚጠይቀንን እንጠረጥራለን።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው። «ጠንቋይ አይደለሁም። መርፌው ሥራው ስኳር ማውረድ ነው። ቁርስ ካለ፣ እንደ ቅዳሜና እሁዳችሁ፣ የቁርሱን ያወርዳል። ቁርስ ከሌለ ደግሞ ሥራውን አያቆምም፤ ደሟ ውስጥ የቀረችውን ያወርዳታል። አንጎል ያለ ስኳር አይሠራም። ሲራብ ሰውን ከሰው አያስለይም፤ ያስለፈልፋል፣ ያስቃል። ከበረታ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

ይመር የገዛ እጁን ተመለከተ። ሞላውን አገኘው። የሚጠመዝዘውንም እጅ አገኘው። በየጠዋቱ፣ በፍቅር፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀ፣ ጋኔኑን ይጠመዝዝ የነበረው እሱ ራሱ ነው።

«አሁን የት ናት?» አለች ሩቂያ።

«ጠበሉ ጋ።»

«ዛሬ ተወግታለች?»

«በእጄ።»

«መቼ ነው የምትበላው?»

«ፀሐይ… ፀሐይ ስትጠልቅ ብለዋል።»

ሩቂያ ከባንኮኒው ዘላ የወጣች ያህል ነው። ግሉኮስ የሚሉትን የስኳር ዱቄት ከመደርደሪያው ነጠቀች፤ መዝጊያውን ዘጋች፤ ባጃጅ አስቆመች። መንገዱን ሙሉ እጁን ይዛ እያስጠናችው ሄደች። «የምትውጥ ከሆነ በውኃ በጥብጠው ትንሽ ትንሽ። የማትውጥ ከሆነ ግን ምንም እንዳያፈሱባት፤ ትታፈናለች። በጎኗ አስተኝተው ድዷን ይቀቡላት። ሰሙኝ ጋሼ? ድዷን።»

ጠበሉ ደጃፍ ሲደርሱ ቆመች። «እኔ እዚህ ነኝ» አለች። «የእናንተን ቦታ አልደፍርም። እርስዎ ይግቡ። ይሩጡ!»

ይመር ገባ።

አልጋነሽ እርጥቡ ድንጋይ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ዓይኗ ግማሹ ተከፍቷል፤ ነጩ ብቻ ይታያል። መንጋጋዋ ገጥሟል። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ማንኮራፋት ይመስላል፤ ማንኮራፋት ግን አይደለም። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አጥማቂው በድምፅ ማጉያው፣ «ደክሟል! ሊወጣ ነው! አሁን ትንፋሹ ቀጠነ!» ይላል።

ትንፋሹ ቀጠነ! የማንን ትንፋሽ ነው የሚቆጥረው? የማን ትንፋሽ ቀጠነ፣ አንተ ሰውዬ?

ይመር ሰዉን እየገፋ ወደ መሐል ወጣ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለው አጥማቂው።

«ስኳር ነው።»

ክቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«የለመነውን ልትሰጠው ነው?»

«አዎ።»

«ሚስትህን የያዛትን ጋኔን ልትቀልብ ነው?»

«እቀልበዋለሁ» አለ ይመር። «ጋኔንም ከሆነ ይብላ።»

እትዬ ጥሩሰው እጁን ያዘችው። «ጋሽ ይመር፣ አብደሃል? መርዟ ነው እኮ! ሐኪሙ እንዳትቀምስ አላለም?»

ከደጅ ድምፅ መጣ። «በጎኗ ጋሼ! በጎኗ!»

«ደሞ ይቺ ማናት?» አለ አንዱ።

ይመር እጁን ከእትዬ ጥሩሰው መነጨቀ። ተንበረከከ። በጎኗ አዞራት። ዱቄቱን በጣቱ አርሶ በከንፈሯ መካከል አሳልፎ ድዷ ላይ ቀባ። ምንም የለም። ደግሞ ቀባ። ጥርሷ ጣቱን ነከሰው። አላወጣውም። የኖረበት ሙያ ትዕግሥት ነው፤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ እንደሚጠገን ሰዓት ጆሮውን ወደ ደረቷ አስጠግቶ ጠበቀ። ሕዝቡም ጠበቀ፤ ጋኔኑ ጠግቦ ሲነሣ ሊያይ።

ጉሮሮዋ ዋጠ።

እንደገና ዋጠ። ከዚያ አፏ የባሏን ጣት እንደ ጥጃ መጥባት ጀመረ። ወደ ላይ ተሰውሮ የነበረው ጥቁር የዓይኗ ብሌን ቀስ እያለ ወረደ። ዞረ፤ ፈለገ፤ አንድ ፊት ላይ አረፈ።

«ይመር» አለችው። «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው? ሰው እያየህ?»

ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሩቂያ በስልክ ነግራ አልጋነሽን ሆስፒታሉ ተቀበላት፤ መጠኗም ተስተካከለላት። ሩቂያ «ቄሱንም ሄዳችሁ አናግሩ፤ እሱ የኔ ሥራ አይደለም» አለቻቸው። ንስሐ አባቷ ሲሰሙ አፋቸውን ያዙ፤ ጠዋት ከመርፌዋ ጋር የጾሙን ምግብ እንድትበላ ፈቀዱላት። ፍስክ አልነካችም። ጾመኛ ናት፣ ዛሬም ጾመኛ ናት። ይመር ግን እስከ ዛሬ ቀትር ሲሆን መፍቻውን ያስቀምጣል። ወፍራሙን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ አንድም የእጅ ሰዓት አይነካም።

አጥማቂውስ? «አይ፣ ጠግቦ ነው ዝም ያለው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ከተማ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው መልስ አያጣም። ሴትዮዋ ብትሞትበት «ነፍሷ ዳነች» ሊል ነበር። ብትድንበት «ተደበቀ» አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ምን ቢሆን ነው ይኼ ሰው ተሳሳትኩ የሚለው?

አንዳንዶቻችሁ አሁን ታጉረመርማላችሁ፤ እሰማለሁ። «አባታችን ጠበልን ሊነቅፉ ነው» ትላላችሁ። ጠበልን የነቀፍኩት የት ላይ ነው? ጠበል ጠጡ፣ ተጠመቁ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበል መርፌ አቁሙ ብሎ አያውቅም፤ ቁርስ ከልክሉ ብሎም አያውቅም። ውኃው አፍ የለውም። አፍ ያለው ሰው ነው በውኃው ስም የሚናገረው።

እናንተ ደግሞ የተማራችሁት፣ እየሳቃችሁ ያላችሁት፣ አትሳቁ! የናንተን መስኮት ረሳችሁት? ያ እጅ ከናንተ የአንዱ እጅ ነው። ዲግሪ ያለው እጅ ነው። «ጠዋትና ማታ» ብሎ ጽፎ ብልቃጥ የሚያቀብል፣ ቀና ብሎ «ትጾሚያለሽ ወይ?» የማይል እጅ። አልጋነሽን ሊገድላት የነበረው ድንቁርና ብቻ አይደለም። ዕውቀትም ነበር፤ መስታወት ኋላ የተቀመጠ ዕውቀት።

እናንተስ መድኃኒት ቤት ስትገቡ? «ቶሎ በይ፣ ባጃጅ አቁሜያለሁ!» አትሉም? ስትጠይቃችሁ «አንቺ ምን አገባሽ፣ ሐኪም ነሽ?» አትሉም? ብልቃጡን ከሽንኩርቱ ጋር በፌስታል ከትታችሁ አትወጡም? ያቺ ልጅ በመርፌያችሁና በማዕዳችሁ መካከል የቆመች የመጨረሻዋ ሰው ናት። ከእሷ በኋላ የሚጠይቃችሁ የለም። ከእሷ በኋላ ያለው ቀትር ነው።

ጋኔን የለም አላልኩም። አለ። በዚያ ረቡዕም እዚያ ጠበል ላይ አልነበረም አልልም። ነበር። እሷ ላይ ግን አልነበረም። ክብ ሠርቶ ቆሞ ነበር። አንዲት ሴት ስትሞት እያየ እልል ይል ነበር።

ወገኖቼ፣ ትምህርቴ አላለቀም፤ ግን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ፀሐይዋም ከአናታችን ልትደርስ ነው። ከእናንተ መካከል ጠዋት መርፌዋን ወግታ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አሁን እጇ እየቀዘቀዘ ነጠላዋን አጥብቃ የቆመች ሴት አለች። እንዳለች አውቃለሁ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አለች። ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል አትበይ። ደወል አትጠብቂ። አሁን ውጪ፤ ደጅ ካለው ሱቅ ከረሜላም ይሁን ዳቦ ቅመሺ። ጾምሽን እኔና ንስሐ አባትሽ እንነጋገርበታለን። ከዚያ መድኃኒት ቤት ሂጂና ቁጭ ብለሽ አውሪያቸው።

እኛ ዝም ብለን እንጠብቃለን።

እናንተ በሩ ጋ ያላችሁ፣ አትዩአት። ክብ አትሥሩ። መንገድ ልቀቁላት።